ሚኪ ሌላንድ፤ ከሂዩስተን እስከ ፉኝዶ



አዲስ አበባ የሄደ ሰው፣ በአስኮ በኩል የታክሲ ረዳት «ሚኪሊላንድ! ሚኪሊላንድ!» እያለ ሲጣራ ሰምቶ ይሆናል። የሰፈር ስም ነው። ኮንዶሚኒየሙም ጤና ጣቢያውም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ተሳፋሪው ሒሳቡን ከፍሎ «ወራጅ አለ» ብሎ ይወርዳል እንጂ፣ ስሙ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ብዙ የለም። ስሙ የአንድ ጥቁር አሜሪካዊ የሕዝብ እንደራሴ ስም ነው። ሚኪ ሌላንድ ከቴክሳስ ግዛት፣ ከሂዩስተን ከተማ ተመርጦ ለአሥር ዓመት ያህል በአሜሪካ ኮንግረስ ተቀምጧል። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. በ44 ዓመቱ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ሞተ።

የመረጡት ሰዎች ኢትዮጵያን አያውቋትም። ከሂዩስተን ድሃ ሰፈሮች የወጣ ድምፅ ነው ዋሽንግተን ያደረሰው። ታዲያ በክረምት፣ በደመና፣ በትንሽ አውሮፕላን ወደ ሱዳን ጠረፍ ምን ወሰደው? ይህን ለመረዳት ከልጅነቱ መጀመር ያስፈልጋል። ዓመታቱ የሚጠቀሱት በእኛ አቆጣጠር ነው።

ሌላንድ ኅዳር 18 ቀን 1937 ዓ.ም. ቴክሳስ ውስጥ ላቦክ በምትባል ከተማ ተወለደ። ሙሉ ስሙ ጆርጅ ቶማስ ሌላንድ ነው፤ «ሚኪ» የቤት ስሙ ነበር። አባት ቤቱን ጥሎ ስለሄደ እናቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ሂዩስተን መጣች፤ ኑሮዋንም ፊፍዝ ዋርድ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር አደረገች። ሠርታ ተምራ መምህርት ሆነች። ልጆቹን ያሳደገችው እሷ ናት።

የዚያን ጊዜው ቴክሳስ ለጥቁር ሰው ምን ይመስል እንደነበር ለማሳየት አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ብቻ ይበቃል። ሎኒ ስሚዝ የሚባል የሂዩስተን ጥቁር የጥርስ ሐኪም በዴሞክራቲክ ፓርቲ የእጩዎች ምርጫ ድምፅ ልስጥ ብሎ ሄዶ ተከለከለ። ምክንያቱም ፓርቲው በዚያ ምርጫ ነጮች ብቻ እንዲካፈሉ ወስኖ ነበር። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ በዚያን ዘመን የዴሞክራቶች እጩ የሆነ ሰው ማሸነፉ የማይቀር ነበር፤ ስለዚህ ከእጩዎች ምርጫ የተገለለ ሰው ከምርጫው ሁሉ እንደተገለለ ይቆጠራል። ስሚዝ ከሰሰ፤ ጠበቃው ቱርጉድ ማርሻል ተከራከረለት፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1936 ዓ.ም. ክልከላው ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብሎ ፈረደ። ሌላንድ የተወለደው ከዚህ ፍርድ ስምንት ወር ገደማ በኋላ ነው። ፍርዱ ቢወጣም ሌላ አጥር ቀርቶ ነበር። ድምፅ ለመስጠት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በነፍስ ወከፍ ግብር መክፈል ነበረበት፤ ደረሰኝ የሌለው አይመርጥም። ይህ የምርጫ ግብር ቴክሳስ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1958 ዓ.ም. ነው። ሌላንድ ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር።

በቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ተምሮ በ1962 ዓ.ም. ተመረቀ፤ እዚያው ጥቂት ጊዜ አስተማረ። በሙያው ጥሩ ደመወዝ በልቶ መኖር ይችል ነበር። እሱ ግን ከወጣት ጓደኞቹ ጋር በፊፍዝ ዋርድ ቤት ለቤት እየዞረ የሰዎችን ጤና ማስመርመር፣ በድሃ ሰፈር ክሊኒክ እንዲከፈት መወትወት ያዘ። እንደራሴነቱ የተጀመረው በዚህ ነው ቢባል ያስኬዳል። ማንም ሳይመርጠው በየደጁ ቆሞ «ምን ያማችኋል? መድኃኒቱን ከየት ታገኛላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ኋላ ሲመረጥ ለማን እንደሚናገር ያውቃል።

ዕድሉ የመጣው በ1965 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለቴክሳስ ምክር ቤት ሲመረጥ፣ ሂዩስተን ያለችበት የሃሪስ ካውንቲ መራጭ በሰፊ ክልል ብዙ ተወካዮችን በጅምላ ይመርጥ ነበር። ጥቁሮች በሰፈራቸው ብዙ ቢሆኑም ከጠቅላላው መራጭ ጋር ሲደመሩ ይዋጣሉ፤ የሚፈልጉት ሰው ማለፍ ይከብደዋል። በፍርድ ቤት ክርክር ምክንያት ካውንቲው በየራሳቸው አንድ አንድ ተወካይ በሚልኩ ትናንሽ የምርጫ ክልሎች ተከፈለ። በዚያው ዓመት ከሂዩስተን አራት ጥቁሮችና አንድ የሜክሲኮ ዝርያ ያለው ሰው በአንድ ጊዜ ተመርጠው ገቡ። «የሕዝቡ አምስት» ተባሉ። ሌላንድ አንዱ ነበር። መራጩ ያው፣ ሰፈሩ ያው፤ የተለወጠው መስመሩ የተሰመረበት ቦታ ብቻ ነው። የምርጫ ክልል አከላለል አሰልቺ የጽሕፈት ቤት ሥራ የሚመስለው ሰው ይህን ታሪክ ደጋግሞ ቢያነበው ይጠቅመዋል።

ወደ ቴክሳስ ምክር ቤት ሲገባ ጎፈሬውን አሳድጎ፣ ዳሺኪ የሚባለውን ባለ ጥልፍ የምዕራብ አፍሪካ ልብስ ለብሶ፣ በትከሻው የቆዳ ቦርሳ አንግቶ ነበር። ሱፍና ከራባት የለመዱት አንጋፋ አባላት ገርሟቸው ተመለከቱት። እሱ ግን በልብስ ብቻ አልታወቀም። ፋርማሲስት ነውና ስለ መድኃኒት ዋጋ ያውቃል፤ ትልቅ የንግድ ስም ባለው መድኃኒት ፋንታ ያንኑ ፈዋሽ ንጥረ ነገር የያዘውን ርካሹን ድሃው እንዲያገኝ የሚያስችል ሕግ እንዲወጣ ተሟገተ፤ ሕጉም ወጣ። ሦስት የምርጫ ዘመን በዚያ አገለገለ።

በ1971 ዓ.ም. ወደ ዋሽንግተን አለፈ። የያዘው ወንበር ተራ ወንበር አልነበረም። ከእሱ በፊት የቴክሳስን 18ኛ የምርጫ ክልል የወከለችው ባርባራ ጆርዳን ናት። እሷም የፊፍዝ ዋርድ ልጅ ነበረች። በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ እኛ አገር አብዮቱ ሲፋፋም፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በሥልጣን አላግባብ መጠቀም ሲከሰሱ ባደረገችው ንግግር አሜሪካ ሁሉ አውቋታል። ጆርዳን በቃኝ ስትል ሌላንድ ተወዳድሮ አሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተሸነፈም።

እዚህ ላይ የአሜሪካ ምክር ቤት አሠራር በጥቂቱ ይነገር። ኮንግረሱ ሁለት ቤት ነው። ሴኔቱ 100 አባላት አሉት። የተወካዮች ምክር ቤቱ 435 አባላት ሲኖሩት፣ የሥራ ዘመናቸው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። እንደራሴው ተመርጦ ወንበሩ ሳይሞቅለት ተመልሶ መራጩ ደጃፍ ይቆማል። ሌላው ቁም ነገር፣ የመንግሥት ገንዘብ ያለ ኮንግረሱ ፈቃድ አይወጣም። ፕሬዚዳንቱ ቢሻ ቢፈልግ፣ ምክር ቤቱ ያልፈቀደውን ዶላር ለማንም መስጠት አይችልም። የርዳታ እህል የሚባለው ነገር ከወደብ ከመድረሱ በፊት በኮሚቴ ክርክር፣ በድምፅ ቆጠራ ያልፋል። ወሎና ትግራይ ለደረሰው ስንዴ አንድ የሂዩስተን ተወካይ ድርሻ ሊኖረው የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1976 ዓ.ም. ሌላንድ ከኒው ዮርኩ የሪፐብሊካን ተወካይ ከቤን ጊልማን ጋር ተባብሮ የረሃብን ጉዳይ የሚመለከት ልዩ ኮሚቴ በምክር ቤቱ እንዲቋቋም አደረገ፤ ሊቀ መንበሩም እሱ ሆነ። የአንዱ ፓርቲ ሰው ከሌላው ፓርቲ ሰው ጋር መጀመሩ ልብ ሊባል ይገባል፤ ነገሩ የዴሞክራቶች ብቻ ቢሆን ኖሮ ድምፁ አይሞላለትም ነበር። ኮሚቴው ግን ሕግ የማርቀቅ ሥልጣን አልተሰጠውም። ምስክር መጥራት፣ መመርመር፣ ሪፖርት ማቅረብ፤ የተፈቀደለት ይኸው ነው። ጥርስ የሌለው ኮሚቴ ነው ያሉም ነበሩ። ሌላንድ በሕግ ያጣውን ጉልበት በእግሩ ፈለገው። የምክር ቤት አባላትን ይዞ ረሃቡ ወዳለበት ቦታ መሄድ፣ ማሳየት፣ ተመልሶ በሸንጎው ፊት የታየውን መናገር የሥራው ዘዴ ሆነ።

ከጉዞዎቹ በአንዱ ሱዳን ውስጥ ካለ የስደተኞች ጣቢያ ገባ። ከተኙት መካከል አንዲት ለጋ ልጃገረድ አየ፤ ረሃብ ሥጋዋን ጨርሶ አጥንቷ ቀርቷል። ሌላንድ ስለ እሷ ለመጠየቅ ፊቱን ወደ አስጎብኚው መለስ አደረገ። በዚያች ቅጽበት ልጅቱ ነፍሷ ወጣ። ፊቷ በየቀኑ እንደሚታየው ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ ተናግሯል። ስሟን ያወቀ የለም።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ጋዜጠኛው ማይክል ቡርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ከኮረም ያነሱት ፊልም በቢቢሲ ተላለፈ። በማለዳ ብርድ በነጭ ጋቢ ተጠቅልሎ ሜዳውን የሞላው ሕዝብ በዓለም ሁሉ ታየ። ያን ጊዜ ብዙዎች ባነኑ። ሌላንድ ግን ኮሚቴውን ያቋቋመው ከዚያ ወራት ቀድሞ ነበርና መረጃም ሰውም ነበረው። የዋሽንግተን መንግሥት ከሶቪየት ኅብረት ጋር ለወገነው ደርግ በጎ ዐይን አልነበረውም፤ ሁለቱ አገሮች ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በአምባሳደር ደረጃ አይገናኙም ነበር። «ለኮሙኒስት መንግሥት እህል እንስጥ?» የሚል ጥያቄ ይነሳ ነበር። ሌላንድ የሞተችውን ልጅ እየጠቀሰ ተከራከረ። በ1977 ዓ.ም. ኮንግረሱ ለአፍሪካ ረሃብ መርጃ የሚሆን ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ይህን ያደረገው እሱ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል፤ ከፊት ከመሩት አንዱ እሱ ነው ማለት ግን እውነት ነው።

ይህ ታሪክ እዚህ ጎጃም፣ ሮብ ገበያ ላይ ሲነገር፣ አባቶች የሚያውቁት አንድ ሌላ ታሪክ አብሮ መነሳት አለበት። ምክንያቱም ይህ አገር ሕግ አውጪ ሳያይ ሲወስን ምን እንደሚመጣ ቀምሷል።

በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት ኢትዮጵያም ሕዝብ የመረጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ነበራት። አባላቱ በየአራት ዓመቱ ይመረጣሉ፤ ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ በላዩ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተቀምጧል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ አሥራትን አስቀርቶ፣ ገበሬው ካመረተው ገቢ ላይ ግብር እንዲከፍል የሚያዝ ነበር። በወረቀት ላይ ሲነበብ እንደ መሻሻል ነው፤ አሥራት የቆየ ሸክም ነበርና። የጎጃም ገበሬ ግን በሌላ ዐይን አየው። ገቢ የሚገመተው ማሳው ሲታይ ነው፤ ማሳው ከታየ ይለካል፤ ቀላድ ከተጣለ ርስት ይነካል። በሌሎች ክፍላተ ሀገር ቀላድ የወደቀበት ሰው ጭሰኛ ሆኖ መቅረቱን ሰምቷል። በጠቅላይ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ አስተዳደር ላይ ያደረው ቅሬታም ተጨመረበት።

የጎጃሞቹ ሞጣና ቢቸና እንቢ አሉ። ገማች ወደ ማሳው እንዳይገባ ተከለከለ፤ ነገሩ እየከረረ ሄዶ የጦር መሣሪያ ተነሳ። መንግሥት በእግረኛ ሠራዊትና በፖሊስ አልቆመም፤ አውሮፕላን ልኮ መንደር ደበደበ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፤ የቀድሞው ውዝፍ ግብር ለጎጃም ገበሬ ተማረለት። አዋጁ በጎጃም ምድር ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

ከዚህ ውስጥ እንደራሴነትን የሚመለከተውን መለየት ያስፈልጋል። አዋጁ በምክር ቤት ውስጥ ክርክር አላጣም፤ አባላቱ ብዙ ተሟግተውበታል። የጎደለው ሌላ ነው። ገበሬው ስለ ርስቱ ምን እንደሚፈራ በእነሴም በእነማይም ማሳ ዳር ቆሞ ጠይቆ፣ መልሱን ይዞ አዲስ አበባ የገባ፣ ቃሉም ሚዛን የደፋ እንደራሴ አልተገኘም። ፓርቲ በሌለበት፣ የመጨረሻው ቃል የዙፋኑ በሆነበት ሥርዓት አንድ የሕግ መምሪያ አባል ብቻውን ምን ያህል ሊራመድ እንደሚችል ደግሞ መዘንጋት የለበትም። ጥፋቱን ሁሉ በሰዎቹ ላይ መደፍደፍ ግፍ ነው። ገበሬው ግን ሥጋቱን የሚያሰማበት በር ስላጣ ጠመንጃውን አነሣ፤ የመለሰለትም ከሰማይ የወረደ ቦምብ ነበር። ሂዩስተን ላይ የምርጫ ክልሉ መስመር ተለውጦ የሰፈር ሰው ምክር ቤት የገባው ከዚህ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

ወደ ሌላንድ እንመለስ። ሰውየው ያልተወቀሰ ሰው አልነበረም። ኩባ ሄዶ ፊደል ካስትሮን አነጋግሯል፤ ወዳጅነትም ነበራቸው፤ ይህም ብዙ አሜሪካውያንን አስቆጥቷል። ከደርግ ባለሥልጣናት ጋር መነጋገሩም እንዲሁ። በዚያን ጊዜ ደርግ ከወሎና ከሌሎች የተራቡ አካባቢዎች ሕዝብ እያነሳ ወደ ፓዊና ወደ ምዕራብ ያሰፍር ነበር። ፓዊ ያለበት መተከል የጎጃም አካል ነበርና የፓዊን ነገር ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት ሰፈራው በግዳጅ ነው፣ ሰው እየፈጀ ነው ብሎ በይፋ ተናገረ፤ በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። በዋሽንግተንም ኢትዮጵያ ላይ ማዕቀብ ይጣል የሚሉ እንደራሴዎች ተነሱ። ሌላንድ በሩ ከተዘጋ እህሉም ይቆማል ከሚሉት ወገን ነበር።

የትኛው ልክ ነበር? ሐኪሞቹ ዝም ቢሉ ኖሮ ግፉ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። ሌላንድም ባይነጋገር ኖሮ በካምፖቹ ውስጥ ያሉትን የሚያይ የአሜሪካ ሕግ አውጪ ማግኘት ይከብድ ነበር። ሁለቱም ዋጋ ከፍለዋል፤ ሐኪሞቹ ከሕሙማኖቻቸው ተለዩ፣ ሌላንድ የአምባገነን መሣሪያ ሆነ ተብሎ ተወቀሰ። በረሃብ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ንጹሕ መንገድ አይገኝለትም፤ በሌላንድ ላይ ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው ኮረም ሜዳ ላይ ያደሩትን እናቶች አስቀድሞ ያስብ።

ረሃብ የአፍሪካ ብቻ ነው ብሎም አያውቅም። የገዛ አገሩ ሀብታም ከተሞች ውስጥ ሕንፃ ሥር የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። በ1979 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ፣ በዋሽንግተን ብርድ፣ ከተዋናዩ ማርቲን ሺንና ከሌሎች የኮንግረስ አባላት ጋር ከመሬት ውስጥ ሞቃት እንፋሎት በሚወጣበት የብረት ፍርግርግ ላይ ተኝቶ አደረ። ቤት የሌላቸው ሰዎች ሌሊቱን የሚያሳልፉት በዚያ ነውና፣ ጉዳዩ በዐይን እንዲታይ አደረጉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ቤት ለሌላቸው ሰዎች ርዳታ የሚሰጠው የመጀመሪያው ትልቅ የፌዴራል ሕግ ጸደቀ። ከዚያ በፊትም ሌላንድ የጥቁር ኮንግረስ አባላት ጉባኤ ሊቀ መንበር ሆኖ በሠራባቸው ሁለት ዓመታት በደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ላይ የሚደረገው ዘመቻ ተፋፍሞ ነበር፤ በ1979 ዓ.ም. መስከረም ኮንግረሱ የፕሬዚዳንት ሬገንን ተቃውሞ ከሁለት ሦስተኛ በሚበልጥ ድምፅ ሽሮ የማዕቀብ ሕጉን አጸደቀ።

አሁን ወደ መጨረሻው ጉዞ።

1981 ዓ.ም. ለደርግ የጭንቅ ዓመት ነበር። በየካቲት ሽሬ ላይ ትልቅ ሽንፈት ደረሰበት፤ በግንቦት ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሸፈ። በምዕራብ ደግሞ የደቡብ ሱዳን ጦርነት ያፈናቀለው ሕዝብ ወደ ጋምቤላ ይጎርፋል። ፉኝዶ በሚባለው ካምፕ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ተሰብስበዋል፤ ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ ያለ እናት ያለ አባት በእግራቸው ጫካና ወንዝ አቋርጠው የመጡ ወንዶች ልጆች ናቸው። ሌላንድ እነሱን ለማየት ፈለገ። ኢትዮጵያ ሲመጣ የመጀመሪያው አልነበረም።

ነሐሴ 1 ቀን የፍልሰታ ጾም ገባ። በዚያ ቀን የርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ንብረት የሆነች ባለ ሁለት ሞተር ትዊን ኦተር አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሣች። ተሳፋሪና አብራሪ ተደምሮ 16 ሰው ይዛለች። ከሌላንድ ጋር የጽሕፈት ቤቱ ባልደረቦች፣ የአሜሪካ ኤምባሲና የርዳታ ሠራተኞች፣ አንድ በጎ አድራጊ ነጋዴ፣ እንዲሁም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የክረምቱን የምዕራብ ሰማይ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ደመናው ተራራውን ይሸፍነዋል፣ ዝናቡ ካልቆመ ሸለቆና ሸንተረር አይለይም። አውሮፕላኗ ፉኝዶ አልደረሰችም።

ፍለጋው ስድስት ቀን ፈጀ። ደርግ ለዓመታት በጠላትነት ያያቸው የአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እንዲበሩ ፈቀደ፤ የኢትዮጵያ አየር ኃይልም አብሮ ፈለገ። ከጠፈር የሚነሱ የሳተላይት ፎቶዎች ተመረመሩ። ሁለቱ መንግሥታት እንዲህ ተቀራርበው ሲሠሩ ከታየ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። ነሐሴ 7 ቀን ስባሪዋ ጫካ በለበሰ ተራራ ጎን ላይ ተገኘ። የተረፈ ሰው አልነበረም።

ሌላንድ ሲሞት የሦስት ዓመት ልጅ ነበረው፤ ባለቤቱም ነፍሰ ጡር ነበረች። በተከታዩ ጥር መንታ ወንዶች ወለደች፤ አባታቸውን አላዩትም። በዚያች አውሮፕላን የነበሩት ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም በያሉበት ሐዘን ተቀመጡ። ዓለም አቀፉ ዜና የእንደራሴውን ስም ብቻ ይዞ ስለዞረ፣ አብራሪዎቹንና አብረዋቸው የነበሩትን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የተራበ ልጅ ለማየት በሚደረግ ጉዞ ሥራቸው ላይ ሳሉ የሞቱ ናቸውና ሲወሳ አብረው ሊወሱ ይገባል።

ሂዩስተን ውስጥ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ በስሙ ተሰይሟል፤ በተማረበት ዩኒቨርሲቲም የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ቤት በእሱና በባርባራ ጆርዳን ስም ይጠራል። ወንበሩን ክሬግ ዋሽንግተን ተረከበ፤ እሱም በ1965ቱ ምርጫ አብረው ከገቡት አምስቱ አንዱ ነበር። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሺላ ጃክሰን ሊ በ2016 ዓ.ም. እስክትሞት ድረስ ያንኑ ክልል ወከለች።

የረሃብ ኮሚቴው ግን ዕድሜው አልረዘመም። ከሌላንድ በኋላ ሊቀ መንበሩ የኦሃዮው ቶኒ ሆል ነበር፤ እሱም በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ኢትዮጵያ መጥቶ ሕፃናት ሲሞቱ በዐይኑ ያየ ሰው ነው። በ1985 ዓ.ም. ኮንግረሱ ወጪ ለመቀነስ ብሎ ኮሚቴውን አፈረሰ። ሆል በሸንጎው ተከራክሮ ሲያቅተው ምግብ አቆመ፤ 22 ቀን በውኃ ብቻ ሰነበተ። ኮሚቴው አልተመለሰም። በምትኩ ከምክር ቤቱ ውጭ ረሃብን የሚመለከት ማዕከል በዋሽንግተን ተቋቋመ፤ በሌላንድ ስምም ወጣቶችን የሚያሠለጥን የሁለት ዓመት መርሐ ግብር ጀመረ። የተመረጡት ወጣቶች የመጀመሪያውን ዓመት አፍሪካን ጨምሮ በተለያዩ አህጉሮች ገበሬውና ስደተኛው ባሉበት መስክ ይሠራሉ። ሁለተኛውን ዓመት ፖሊሲ ወደሚወጣበት ቢሮ ገብተው፣ ያዩትን ይዘው ይጽፋሉ፣ ይከራከራሉ።